ፎሙ ውስጥ የተኛው ክንፍ

አቶ መዝገቡ ሞተው የተገኙት እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ካልጋሪ ውስጥ ሳድል ሪጅ በሚባል ሰፈር ባለው ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ ነው። ጎረቤታቸው ዓብዱልቃድር የተዋሰውን መሰርሰሪያ ሊመልስ ሲመጣ የጋራዡ በር ገርበብ ብሎ አገኘውና ዘልቆ ገባ። ሽማግሌው ከወደቀ መሰላል አጠገብ ሊሾው ላይ በጀርባቸው ተዘርረዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ አንድ የመብራት ቱቦ ተቀምጧል። አምፖል ሊቀይሩ ወጥተው ወደቁ። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች ያሉት ይህንኑ ነበር።

መርማሪ ጽጌሬዳም ይህንኑ ብላ ወደ ቤቷ ብትመለስ ደስ ባላት ነበር። የእረፍት ቀኗን አሰርዘው ነው የጠሯት። ነገር ግን ልማድ ሆኖባት ከመሰላሉ አጠገብ ቁጢጥ አለችና እርከኖቹን በባትሪ አየቻቸው። ፎም የሚባለው ቀላል የፕላስቲክ አረፋ ሲላግ የሚቦነው ነጭ ብናኝ ጋራዡን ሁሉ እንደ ዱቄት ሸፍኖታል። የመሰላሉንም እርከኖች ከታች እስከ ላይ አልብሷቸዋል። የጫማ ዱካ ግን አንድም የለባቸውም።

«በዚህ መሰላል ላይ ማንም አልወጣም» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ።

አለቃዋ በስልክ ስትነግረው አልተዋጠለትም። ብናኝ ማስረጃ አይሆንም፣ ሁለት ቀን እሰጥሻለሁ፣ ካልሆነ ፋይሉን ክሎዝ አድርጊው አላት።

ጋራዡ መሐል ክንፍ የሌለው ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ቆሟል። ግድግዳው ጥግ፣ ረጅም ጠረጴዛ ላይ፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ትልቅ የፎም ግንድ ተጋድሟል፤ እላዩ ላይ ከኮምፖርሳቶ የተቆረጡ ሁለት ቀጫጭን ቅርጾች ተጭነውበታል። ዓብዱልቃድር እንደነገራት አውሮፕላኑን የሚሠሩት አራት ሰዎች ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን የአውሮፕላን ቴክኒሻን የነበሩት ሟቹ፣ መሐንዲስ የሆነው የእህታቸው ልጅ ዮፍታሄ፣ የድሮ ወዳጃቸው አቶ መንገሻ፣ እንዲሁም የአቶ መንገሻ ልጅ ሄርሜላ። አውሮፕላኑ ሲያልቅ መጀመሪያ የምታበርረው እሷ ናት። ሰሞኑን ሲጨቃጨቁ ድምፃቸው ግድግዳውን አልፎ ይሰማው ነበር። ከጭቅጭቁ የለየው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ኤርፎይል።

ጽጌሬዳ ያንን ቃል በሁለት ቀን ውስጥ ልትጠላው ነው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ዮፍታሄን ነበር። እዚሁ ካልጋሪ የተወለደ፣ አማርኛው መሐል ላይ እየተደናቀፈ የሚሄድ ወጣት ነው። ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። እሑድ የት እንደነበር ስትጠይቀው፣ ቤቱ ብቻውን ተኝቶ እንደዋለ፣ ያየው ሰው እንደሌለ ነገራት። ስለ ጠቡ ስትጠይቀው ግን ወረቀት አውጥቶ ይሥልላት ጀመር።

«ኤርፎይል ማለት ክንፉን እንደ ዳቦ ከጎኑ ብትቆርጪው የሚታይሽ ሼፕ ነው» አላት። «የእኔ ቀጭን ነው። ፈጣን ነው፣ ነዳጅ አይበላም። ጋሼ መንገሻ የሚፈልጉት ደግሞ ያንን የድሮውን ወፍራሙን ነው። ዩ ኖው፣ ሆዱ ያበጠ፣ ከታች ጠፍጣፋ። ስሎው ነው።»

«ቀጭኑ ምን ክፋት አለው?»

«ላይ ላዩ ንጹሕ መሆን አለበት። ዝናብ ካረጠበው ወይ ትንኝ ከተለጠፈበት የማንሳት ኃይሉ ይቀንሳል። ታዲያ በዝናብ አንበርም፣ አለቀ። ጋሼ መንገሻ ይሄን ከሰሙ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም።»

ጽጌሬዳ በመስኮት ተመለከተች። የፊት ለፊቱ ቤት ግድግዳ ባለፈው በጋ በበረዶ ተበሳስቶ እስካሁን አልተጠገነም። ፀሐይ ወጥታ ሳለ ድንገት በረዶ በሚያወርድ ከተማ «በዝናብ አንበርም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልትጠይቀው ፈለገችና ተወችው። የመጣችው ስለ ክንፍ ልትማር አልነበረም። እሱ ግን አላቆመም። አጎቱ የቱን እንደሚመርጡ ገና እንዳልወሰኑ፣ የክንፉ ፎምም ቅዳሜ ዕለት ገና መምጣቱን፣ ኤርፎይሉ ሳይወሰን ማንም እንደማይነካው ነገራት። ሲቆረጥም በሁለት ሰው ነው፤ የኮምፖርሳቶው ቅርጽ በግንዱ ሁለት ጫፍ በሚስማር ይመታና፣ አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ሆነው የጋለ ሽቦ በቅርጹ ዙሪያ እኩል ይስባሉ። አንድ ሰው ብቻውን ቢሞክረው ክንፉ ይጣመማል። ስትወጣ ራሷን እያመማት ነበር።

አቶ መንገሻን ያገኘቻቸው ፎረስት ሎን ሰፈር፣ አሥራ ሰባተኛው ጎዳና ላይ ካለ ምግብ ቤት ነው። ሳህናቸው ፊታቸው ሳይነካ ቀዝቅዟል። አየር ማረፊያው ውስጥ ሻንጣ ይጭናሉ። እሑድ የሥራ ሺፍታቸው ከሰዓት በኋላ እንደነበረና ከቤት በቀጥታ ወደ ሥራ እንደሄዱ ተናገሩ። ከመዝገቡ ጋራዥ እግራቸው ከገባ ሳምንት አልፎታል፤ ተቀያይመው ነበር።

«ልጅ አለሽ?» አሏት።

«የለኝም ጋሼ።»

«እንግዲያው አይገባሽም። መዝገቡ ከወንድም በላይ ወዳጄ ነበር፤ ግን ግትር ነው። ያንን ቀጭን ክንፍ ቆርጦ ቁጭ አደረገው። ልጄ ናት የምትሰቀልበት፣ የእሱ ልጅ አይደለችም። አሁንማ ምን ይባላል፣ ነፍሱን ይማር።»

ጽጌሬዳ የሰማችው እንደገና ስለ ክንፍ መሆኑን ብቻ ነው። ሺፍቱን መዘገበች፣ አመስግና ወጣች።

ሄርሜላ ደግሞ ብዙ አልተናገረችም። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ አለች፤ ጠዋት ስትል ግን ዓይኗን ሰበረች። ለእሷ ሁለቱም ክንፎች እንደሚበሩ፣ ወንዶቹ ነገሩን እንዳከረሩት ተናገረች። ከዮፍታሄ ጋር ሊጋቡ ነው። አውራ ጣቷ ላይ አዲስ ፕላስተር ነበር፤ ጽጌሬዳ ምን እንደነካት ስትጠይቃት እጇን ከጠረጴዛው ሥር ከተተችና ምጣድ አቃጥሎኝ ነው አለች።

በማግሥቱ የአስከሬን ምርመራው መጣ። የሟቹን ራስ የመታው ሊሾው ሳይሆን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የታሰረው፣ ዕቃ አጥብቆ የሚይዘው የብረት ሞርሳ ጥርስ ነው። ሞርሳው በጨርቅ ተጠርጓል፤ አጠራረጉ ግን የችኮላ ነበር። ማንም ሰው ራሱ ሞርሳ ላይ ወድቆ ከሞተ በኋላ ሞርሳውን አይወለውልም፣ መሰላልም አያጋድምም።

አለቃዋ አሁን ፈጠነ። ዮፍታሄን አምጪው አላት። ከአጎቱ ጋር ተጣልቷል፣ የት እንደነበር የሚመሰክርለት የለም፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ነገሩ በወረቀት ላይ ይገጥማል፣ እሷ ጋ ግን አልገጥም አለ። ምን እንደጎደለው እንኳ መናገር አለመቻሏ አበሳጫት።

ወደ ጋራዡ ብቻዋን ተመለሰች። ሁሉንም ነገር ዳግመኛ አየች፤ ያው መሰላል፣ ያው ሞርሳ፣ ያው ብናኝ። ሦስት ሰው አነጋግራ ያገኘችው ስለ ክንፍ ስብከት ብቻ ነው። በመጨረሻ ትዕግሥቷ አለቀና የፎሙን ግንድ በመዳፏ መታችው።

እላዩ የተጫኑት የኮምፖርሳቶ ቅርጾች ተንሸራተው ወደቁ። የግንዱም የላይኛው ግማሽ ከታችኛው ላይ ጥቂት ፈቀቅ አለ።

ጽጌሬዳ ጎንበስ ብላ ጫፉን አየችው። ሙሉ ግንድ የመሰላት ነገር ላይ ፀጉር የሚያህል መስመር ዙሪያውን ይሄዳል። የላይኛውን ክፍል ቀስ ብላ አነሳችው። ውስጡ፣ ልክ ሣጥን ውስጥ እንደተኛ ዕቃ፣ ከዳር እስከ ዳር የለሰለሰ ክንፍ አለ። ሆዱ ያበጠ፣ ከታች ጠፍጣፋ የሆነ ወፍራም ክንፍ።

ያኔ የአቶ መንገሻ ንግግር ጆሮዋ ላይ ተመልሶ መጣ።

በበነጋታው ሦስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ግንዱን እንደነበረ ከድናዋለች፤ ቀጫጭኖቹንም ቅርጾች እላዩ መልሳቸዋለች። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመዋል። ዮፍታሄ ሊይዙት እንደመጡ ያወቀ ይመስል እጁን ደረቱ ላይ አጣምሯል።

«አቶ መዝገቡ ከመሰላል አልወደቁም» ብላ ጀመረች። «መሰላሉ ላይ የጫማ ዱካ የለም። የገደላቸው ያ ሞርሳ ነው። ስለዚህ እሑድ ዕለት ከእሳቸው ጋር ሰው ነበር። ሦስታችሁም አልነበርኩም ብላችሁኛል።» ወደ ሄርሜላ ዞረች። «ይህ ፎም ቅዳሜ ሙሉ ግንድ ሆኖ መጣ። አሁን ተቆርጧል። ለመቁረጥ ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ጣትሽን ያቃጠለው ምጣድ አይደለም።»

ሄርሜላ ዮፍታሄን አየችና አንገቷን ደፋች።

«ሽቦው ነው» አለች። «እሑድ ጠዋት ከጋሼ መዝገቡ ጋር ቆረጥነው። ስጨርስ ደህና ነበሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ማታ ሁላችሁንም ጠርተው ራሳቸው ሊነግሯችሁ ነበር። ከሞቱ በኋላ ግን ዮፍታሄ ተናዶ ነው ትላላችሁ ብዬ ፈራሁ።»

ዮፍታሄ «የቱን?» አላት። ጽጌሬዳ ግን ቀደመቻት።

«አለቃዬም እንደዚያ ነው ያሰበው» አለች ጽጌሬዳ። «ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ኤርፎይል ስትነግሩኝ ጆሮዬን ደፍኜ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መልሱ ያለው እሱ ውስጥ ነበር። ዮፍታሄ ፎሙ ገና አልተነካም አለኝ። እሑድ እዚህ ያልነበረ ሰው የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ሄርሜላ ግንዱ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃለች፤ በእጇ የሠራችው ነው። ጋሼ መንገሻ፣ እርስዎ ግን መዝገቡ ቀጭኑን ክንፍ ቆርጦ ቁጭ አደረገው አሉኝ።»

አቶ መንገሻ ዓይናቸውን ወደ ፎሙ ግንድ አዞሩ።

«እዚህ ከመጣሁ ሳምንት አልፎኛል ብለውኛል። የሟቹ ስልክ ላይ የእርስዎ ጥሪ የለም። ሄርሜላም አልነገረችዎትም። ታዲያ ፎሙ መቆረጡን በምን አወቁ? ባይመጡ ኖሮ አያውቁም። የተናገሩት ደግሞ ስሕተት ነው። ያን ስሕተት ሊሳሳት የሚችለው፣ ከተቆረጠ በኋላ ገብቶ የተከደነውን ግንድ ያየ ሰው ብቻ ነው። እላዩ የተጫኑት ቀጫጭኖቹ ናቸውና ውስጡም ቀጭን መሰለው።»

«ክብደት እንዲሆኑ ነው የጫንናቸው» አለች ሄርሜላ በቀስታ። «ፎሙ እንዳይንሸራተት። ወፍራሞቹን ጠረጴዛው ሥር ከተትናቸው።»

ጽጌሬዳ የላይኛውን ፎም አነሳችው።

አቶ መንገሻ ክንፉን ሲያዩ ወደፊት ተራመዱ። ከፖሊሶቹ አንዱ ሊይዛቸው ሲል ጽጌሬዳ በእጇ ከለከለችው። ሽማግሌው መዳፋቸውን ያበጠው ሆድ ላይ አሳረፉና ከዳር እስከ ዳር ዳበሱት።

«ወፍራሙ ነው» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«ወደ ሥራ ስሄድ ልታረቀው ብዬ ነው ጎራ ያልኩት። ክንፉ ተቆርጧል፣ ከእንግዲህ ንትርክ የለም አለኝ። ፈገግ ብሎ ነው ያለኝ። የሚያላግጥብኝ መሰለኝ። የቱ ክንፍ ነው ብዬ አልጠየቅሁትም፤ ቅርጾቹን አየኋቸው፣ ደሜ ፈላ፣ ገፋሁት። አንዴ ነው የገፋሁት። ከዚያ ደንግጬ ሞርሳውን ጠረግሁ፣ መሰላሉን አጋደምኩ፣ ቱቦውንም አስቀመጥኩ።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ማን ነው ይሄን ያስቆረጠው?»

«እኔ ነኝ፣ አባዬ» አለች ሄርሜላ። «አንተ በሰቀቀን ከምትኖር እኔ ቀስ ብዬ ብበር ይሻላል ብዬ ለመንኳቸው።»

ዮፍታሄ እጁን ከደረቱ ላይ አውርዶ ሄርሜላ አጠገብ ሄዶ ቆመ። ጽጌሬዳ ነገሩ ሲፈታ ከሁለት ቀን ጀምሮ የያዛት ብስጭት የሚለቃት መስሏት ነበር፤ አልለቀቃትም። አንድ ጥያቄ፣ ሁለት ቃል፣ የቱ ክንፍ? ያን የሚጠይቅ ሰው ጠፍቶ አንድ ሰው ሞቷል፣ ሌላው እስር ቤት ሊገባ ነው።

ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዛ ወደ መኪናው ወሰደቻቸው። ሊገቡ ሲሉ በሩን ይዘው ቆሙ።

«ክንፉን እንዳይጥሉት ንገሪልኝ» አሏት። «መጨረሻ ላይ በእጁ የሠራው እሱን ነው። ልጄ ትብረርበት።»

ክንፉ ከእንግዲህ ማስረጃ ነው፤ ታሽጎ ይወሰዳል፤ መቼ እንደሚመለስም አይታወቅም። ጽጌሬዳ ይህን ልትነግራቸው አስባ ተወችው። ራሳቸው እንዳይመታ እጇን ጣሪያው ሥር ጋርዳ አስገባቻቸውና በሩን ዘጋች።