ስልክ የማይጮህበት ከተማ

ብፅዓት ይኽኣሎን ያወቀችው ተኝታ ነው። ቀልድ ይመስላል፤ ግን የሆነው እንዲሁ ነው።

ለንደን፣ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ካለ ሆቴል ክፍል ስታጸዳ ውላ ወገቧን ይዛ ወጣች። በር ላይ የቆመው ሚኒባስ የሠራተኞች ሰርቪስ መስሏት ገባች። ራሷን መስኮቱ ላይ ከማስደገፏ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ስትነቃ ዙሪያዋን ዩኒፎርም የለበሱ አሜሪካውያን ሆስተሶች ተቀምጠዋል፤ መኪናው ወደ ተርሚናሉ እየገሰገሰ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ይጮኻል።

ሾፌሩ በመስታወቱ አያት።

«አይዞሽ፣ አሜሪካ አልወስድሽም» አላት በአማርኛ። «እነዚህን ላድርስና እመልስሻለሁ።»

«ለምን አልቀሰቀስከኝም?»

«ያ ሁሉ የስልክ ጩኸት ያልቀሰቀሰሽን እኔ እንዴት ልቀስቅስሽ?»

ልትቆጣ ፈለገች፤ ለቁጣ የሚሆን አቅም አጣችና ሳቀች።

ይኽኣሎ አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ ነው። ሥራው የበረራ ሠራተኞችን ከሂትሮው ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ሂትሮው ማመላለስ ነው። አሜሪካውያን ሲጭን አንድ ጥያቄ አለችው፤ «ኒውዮርክን ተዉትና ሰው የማያውቀውን ቦታ ንገሩኝ» ይላቸዋል። እነሱም ድካማቸውን ረስተው ይነግሩታል።

ከዚያን ቀን በኋላ ብፅዓት ሥራ ስትጨርስ እስከ ባቡር ጣቢያው የሚያደርሳት እሱ ሆነ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ትቀመጣለች፤ እሱ አሜሪካን ያወራላታል።

«አላስካ ውስጥ ዊቲየር የምትባል ከተማ አለች። የከተማው ሰው ከሞላ ጎደል አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው የሚኖረው።»

«እሱማ ኬኒንግተን ያለው የኛ ፍላት ነው» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «ሊፍቱ ይሠራል?»

«አልጠየቅኳቸውም።»

«ጠይቃቸው። ሊፍት ከሌለ አልሄድም።»

አላባማ ውስጥ ደግሞ ከአውሮፕላን ጉዞ ጠፍቶ ባለቤት ያጣ ሻንጣ የሚሸጥበት ትልቅ መደብር እንዳለ ነገራት። «ውይ! የስንቱ አበሻ በርበሬ እዚያ ተሽጦ ይሆን!» ብላ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ለማየት ሲል ረጅሙን መንገድ መምረጥ እንደጀመረ እሷ ከማወቋ በፊት እኔ ልንገራችሁ።

አንድ ቀን ደግሞ እንዲህ አላት።

«ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ተራራ መሃል፣ ግሪን ባንክ የምትባል መንደር አለች። ከሰማይ የሚመጣ ሞገድ የሚያዳምጥ ትልቅ ቴሌስኮፕ አላቸው። እሱ እንዳይረበሽ ተብሎ ሞባይል አይሠራም።»

ብፅዓት ዓይኗን ገለጠች።

«ጭራሽ? ሱፐርቫይዘሬ ደውላ ነገም ግቢ አትልም?»

«አትልም።»

«እማዬስ የሐኪም አፖይንትመንት ቡክ አድርጊልኝ አትልም?»

«የገመድ ስልክ አለ። ግን ቁጥሩን ማን ያውቀዋል?»

እንባ ዓይኗን ሞላው። ለመንደሩ አልነበረም ያለቀሰችው፤ ምን ያህል እንደደከማት እዚያች መኪና ውስጥ ገና አሁን ገብቷት ነው።

«እዚያ ውሰደኝ» አለችው።

ይኽኣሎ መኪናውን ዳር አቆመና መሪውን እያየ፣ «ለጫጉላችን» አላት። ስልኳ ጮኸ። አላነሳችውም።

ቅዳሜ ቀን ይኽኣሎ የላካቸው ሽማግሌዎች፣ አቶ ባህታና አቶ ደረጄ፣ ከረቫታቸውን አስረው የብፅዓት እናት ወይዘሮ አልታየሽ ቤት ለሽምግልና ሄዱ። ወይዘሮ አልታየሽ እንደ ወጉ ተቀበሏቸው፤ እንደ ወጉም፣ «እስቲ እንምከርበት፤ የሳምንት ሰው ይበለን» ብለው ሸኟቸው። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ቤተሰብ የለም፤ ልጅን ማርከስ ይሆናል። ይህን ይኽኣሎም ያውቃል።

ማወቅና መቻል ግን ለየቅል ናቸው። ዛሬ የእንግሊዝ ፓስፖርት ቢይዝም፣ ይኽኣሎ እንግሊዝ ገብቶ ጥገኝነት ከጠየቀ በኋላ ዓመታት ጠብቋል። ፀጉሩ የሸበተው በየደብዳቤው «ጉዳይዎ እየታየ ነው፤ ውሳኔውን እናሳውቅዎታለን» ሲባል ነው። ሽማግሌዎቹ ያመጡትን መልስ ሲሰማ ያው የደብዳቤው ቃል መሰለው። ወዲያው ደወለላት።

«እናትሽን ለምኚልኝ። እሺም ይበሉ እምቢ፣ ዛሬ ይንገሩኝ።»

«ወግ እኮ ነው፣ ይኽኣሎ። ሳምንት ምን አላት?»

«መጠበቅ አልችልም። ትዕግሥቴ አልቋል።»

«የኔስ አላለቀም? ቀን ሰው የተኛበትን አንሶላ ስቀይር፣ ማታ የእማዬን መድኃኒት ስደረድር የማመሸው እኔስ? ደግሞ እሷን ሽማግሌ ፊት አዋርጂልኝ ትለኛለህ?»

ስልኩን ማን ቀድሞ እንደዘጋው ሁለቱም አላወቁም። በማግስቱ ከሱ አንድ አጭር መልእክት ገባ። «ደከመኝ። ትንሽ ልረፍ።»

«ይረፋ!» አለች ብፅዓት ጥርሷን ነክሳ። ሁለት ቀን አኮረፈች። በሦስተኛው ደወለች፤ ዝግ ነው። ደጋግማ ደወለች፤ ዝግ ነው። በምታጸዳው ክፍል ውስጥ የማታውቀው ሰው አልጋ ላይ ቁጭ ብላ፣ ያወለቀችውን የትራስ ልብስ አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። ጥሎኝ ሄደ ብላ አመነች።

ፊቷን ታጥባ ኮሪደሩ ላይ ስትወጣ አንዲት ሆስተስ አገኘቻት።

«ያ ቦታ የሚጠይቀን ሾፌር የት ሄደ? ባለፈው ዌስት ቨርጂኒያ በየት በኩል ነው ሲለን ነበር።»

ብፅዓት የያዘችው ፎጣ ከእጇ ወደቀ። ስልኩ የተዘጋ ሳይሆን የማይሠራበት ቦታ ሄዶ ነው! ለጫጉላው ያሰበውን የዓመት ፈቃድ ብቻውን ሊያርፍበት ወስዶታል። የመንደሯን የእንግዳ ማረፊያ ቁጥር ፈልጋ ደወለች። አንዲት አሮጊት አነሱ።

«ይቅርታ፣ አንድ ሰው ፈልጌ ነበር። ጠይም ነው፣ ቀጭን፣ የደከመው።»

«እዚህ የሚመጣው ሁሉ የደከመው ነው» አሉ አሮጊቷ። «ያንቺው ግን በረንዳ ላይ ተቀምጧል።»

የእግር ኮቴ ተሰማ። ከዚያ ትንፋሽ።

«አረፍክ?» አለችው። የተዘጋጀችበት ቁጣ ሁሉ ጠፋባት።

«አላረፍኩም። ኔትወርክ እንደሌለ እያወቅኩ፣ ደውለሽ እንደሆነ ቀኑን ሙሉ ስልኬን ቼክ አደርጋለሁ።»

«ታዲያ በዚህኛው ለምን አልደወልክም?»

«እምቢ ብትሉኝስ? እዚህ እስካለሁ ድረስ እምቢ የሚለኝ የለም።»

ልቧ ተሰበረ። ያኮረፈ ሰው መስሏት ነበር፤ የፈራ ሰው ነው።

«ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ይመለሳሉ» አለችው። «እማዬ የምትለውን ግን አላውቅም፤ አልዋሽህም። መልሱን የምትሰማው ከኔ ነው። በደብዳቤ አይደለም፣ በስልክም አይደለም፤ ፊት ለፊት። ይህችን አንዲት ጊዜ ብቻ ጠብቀኝ።»

«እሺ» አለ። «እጠብቃለሁ። እሁድ እገባለሁ።»

እሁድ ሂትሮው ደረሰ። እዚህ በር ላይ ስንቱን ሲቀበል ኖሯል፤ እሱን ግን ቆሞ የተቀበለው ሰው ኖሮ አያውቅም። ስለዚህ ስም የተጻፈበት ወረቀት የያዙትን ሰዎች ቀና ብሎም ሳያይ፣ ሻንጣውን እየጎተተ አለፋቸው።

የሚያውቀው የስልክ ጩኸት አስቆመው።

ብፅዓት የሥራ ልብሷን እንደለበሰች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ አንገቷን ሰብራ ተኝታለች። ጭኗ ላይ በማርከር የተጻፈበት ካርቶን አለ። ስሙ ነው። ከስሙ ሥር በትልልቅ ፊደል፣ «ተፈቅዷል» ይላል።

ቆሞ አነበበው። ደግሞ አነበበው። እንባውን በእጅጌው ጠረገ።

ስልኩ አሁንም ይጮኻል። ከቦርሳዋ ውስጥ ቀስ ብሎ አወጣው፤ ሱፐርቫይዘሯ ናት። አጠፋው። ከዚያ አጠገቧ ተቀመጠ፣ ራሷን ትከሻው ላይ አስደገፈ፣ እስክትነቃም ድረስ ጠበቃት።