ፍሬን ሳይዝ

የታረቀኝ ሬሳ ከመኪናው ሥር ሲወጣ ከልቡ ያለቀሰ ሰው አልነበረም። ደግሞ ምን ያስለቅሳል? ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ጀምሮ አስተርጓሚ ሆኖ ስንቱን ሰው በጣቱ እየጠቆመ ያሰቀለ ባንዳ ነው! ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያንን አሮጌ መኪናውን እየነዳ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ቁልቁለት ሲወርድ፣ ተወርውሮ ወንዝ ገባ። «አርበኞች ተኩሰው ጣሉት» ተባለና ከተማው በሆዱ እልል አለ።

እሑድ ለቀብሩ ግን ወግ ነውና ተለቀሰ። የቤቱ ወጥ ሠሪ ጤናዬ በአገሩ ስሟ የታወቀ አልቃሽ ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ደረቷን እየደቃች እንዲህ ብላ አወረደችው፦

«ታረቀኝ ጌታዬ ምነው ጥሎን ሄደ፣
ፍሬን ሳይዝ ኖሮ ቁልቁለት ወረደ።»

ሟቹ ልጅ አልነበረውምና፣ «ፍሬ ሳይዝ፣ ሳይወልድ ኖሮ ሞተ ማለቷ ነው» ብሎ ለቀስተኛው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። የቀድሞው ዳኛ ግራዝማች እንዳላማው ብቻ አልነቀነቁም፤ አገጫቸውን በምርኩዛቸው ላይ አስደግፈው አልቃሿን ትክ ብለው አዩዋት።

ሰኞ ጠዋት የጣሊያኖቹ መካኒክ የመኪናውን የፊት ጎማዎች ቢፈታ ጥይት የሚባል ነገር የለም። ጎማውን አንቆ የሚያቆመው የፍሬኑ አዲስ ሸራ ግን ዘይት ጠጥቶ ያብረቀርቃል። ሸራውን ቅዳሜ ጠዋት እዚያው ታረቀኝ ግቢ ውስጥ የቀየረው የከተማው መኪና ጠጋኝ አበረ ነበርና ወዲያው ታስሮ ተወሰደ። ሚስቱ ሥራነሽ እየሮጠች መጥታ ግራዝማች እግር ላይ ወደቀች።

«ነገ ቀትር ላይ ሊሰቅሉብኝ ነው፣ ግራዝማች!»

«ተነሺ ልጄ፣ እርጉዝ ሰው እንዲህ አይወድቅም። የጣሊያኑ ካፒቴን ምን አለ?»

«በወጋችሁ አውጫጭኝ ተቀመጡ፤ እስከ ቀትር ገዳዩን ካወቃችሁት ያንቺን ሰው እፈታለሁ አለ። በሽር ነው ያስተረጎመልኝ።»

ግራዝማች ፊታቸው ጠቆረ። የሞተው ሞቶ ደግሞ ከመቃብር እየጠቆመ አንድ ሰው ሊያሰቅል መሆኑ አንገበገባቸው። ጋቢያቸውን አንስተው ወጡ።

መጀመሪያ እስር ቤት ሄዱ። አበረ እጆቹ የኋሊት ታስረዋል።

«ሸራውን ስትገጥመው ዘይት አላየህበትም?»

«ደረቅ ነበር፣ ጌታዬ። እንዲያውም አመዳም ነገር ነበረው፤ የመንገድ አቧራ መስሎኝ አራገፍኩት። አሮጌው ሸራ አልቆ ብረት ለብረት ይፋጭ ነበር። ታረቀኝ አለንጋውን ይዞ ራሴ ላይ ቆሞ ‹ቶሎ በል!› ይለኛል። አዲሱን በመዳብ ምስማር መታሁ፣ ትርፉን ቆርጬ ጣልኩ፣ ጎማውን መለስኩ። ከዚያ እኔው ራሴ ከተማውን ሦስት ጊዜ ዞርኩበት።»

«ይይዛል?»

«ቀጥ ነው የሚያደርገው!»

ቀጥለው ወደ በሽር ሱቅ ጎራ አሉ። በሽር ምጽዋ በንግድ ኖሮ የመጣ ሰው ነው፤ ጣሊያንኛ ያውቃል። ከታረቀኝ ወዲህ ካፒቴኑ አፍ ያደረገው እሱን ነው።

«ሸራውን ከአዲስ አበባ ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ በሽር ሳይጠየቅ። «በወረቀት እንደተጠቀለለ ሐሙስ ለሚስቱ ለወይዘሮ አሰገደች በእጇ ሰጠኋት። ‹አደራ፣ ዘይት የነካው ፍሬን አይዝም› ብዬ አስጠንቅቄያታለሁ።»

«ሌላ የሰማህ ነበር?»

«ያቺ አልቃሽ በር ላይ ምስር ትለቅም ነበር።»

ሟች ቤት ሲደርሱ አሰገደች ማቅ ለብሳ ተቀምጣለች። አንደኛው ጉንጯ አብጧል።

«ሸራውን የት አኖርሽው?»

«ማድ ቤት፣ መደርደሪያው ላይ። ወረቀቱንማ ለመደርደሪያው አንጥፌዋለሁ።»

ግራዝማች ወረቀቱን አንስተው ወደ ብርሃን ያዙት። የዘይት ጠብታ የለበትም።

«ቅዳሜ አብረሽው ልትሄጂ ነበር አሉ?»

«ሉማሜ፣ የታመመች እኅቴን ልጠይቅ። አጠገቡ ተቀምጬ ከከተማው ጫፍ ስንደርስ አንድ ቃል ብመልስለት በጥፊ ብሎኝ ገፍትሮ አወረደኝ።» ጉንጯን ዳሰሰች። «እግዜር ይስጠው፤ ባያወርደኝ አብሬው ነበርኩ።»

ግራዝማች ግቢውን ሲዞሩ መኪናው ቆሞበት በነበረው ቦታ ከሣር መሃል አበረ ቆርጦ የጣላትን ቁራጭ ሸራ አገኙ። ቢዳስሷት ደረቅ ናት። ይዘዋት ማድ ቤት ገቡ። ጤናዬ ምድጃው ዳር ነበረች።

«ጾሙን ትጾማላችሁ፣ ጤናዬ?»

«ሁዳዴ አይደለም እንዴ! ቅቤው ከተከደነ ስንት ጊዜው። በቅባኑግ ነው የምሠራው።»

ግራዝማች ቁራጯን በጉጠት ይዘው ፍም አስጠጓት። ጥቂት ቆይታ ማላብ ጀመረች። ዘይቱ ጠብ፣ ጠብ ሲል ማድ ቤቱን የኑግ ሽታ ሞላው። ጤናዬ ዓይኗን ከቁራጯ አልነቀለችም።

«ልጅ አለሽ?» አሏት።

«ነበረኝ።»

ከዚያ በላይ አልጠየቋትም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሁሉም ሟች ግቢ ተሰበሰቡ። ካፒቴኑ ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። ሁለቱ ጠባቂዎቹ ከትሪፖሊ የመጡ ናቸው፤ አማርኛ ጆሯቸው አይገባም። አበረ እንደታሰረ ቆሟል፤ ሥራነሽ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ፀሐይዋን ታያለች። ግራዝማች ተነሡ።

«ካፒቴኑ አማርኛ አያውቅም፤ የሚያውቅለት ሰው ደግሞ ሞቷል። ስለዚህ በሽር፣ በቃ እስክልህ አፍህን ያዝ። እውነቱን መጀመሪያ እኛው እንስማው።»

በሽር አንገቱን ደፋ።

«ሸራው ዘይት የጠጣው ከመገጠሙ በፊት ነው፤ ተቆርጣ የተጣለችው ቁራጭ እንኳ ፍም ሳስጠጋት ዘይት አንጠባጥባለች። ላዩ በአመድ ስለታሸ ደረቅ መሰለ። ከተማ ውስጥ፣ ሜዳው ላይ ሲነዳ ያዘ፤ ቁልቁለቱ ላይ ሲግል የጠጣውን ተፋ። አበረማ ሸራውን ያየው ቅዳሜ ነው፤ ያውም ከአለንጋ ሥር ሆኖ፤ ለመዘፍዘፊያ ጊዜ ከየት ያመጣል? በሽር ሲያመጣው ንጹሕ ነበር፤ ወረቀቱ ይመሰክራል። እንግዲህ ነገሩ የተሠራው ማድ ቤት ነው። ዘይቱ ቅባኑግ፣ አመዱም የምድጃ አመድ።»

«ታዲያ እኔ ነኝ?» አሰገደች ብድግ አለች።

«አይደለሽም። እያወቅሽ አጠገቡ አትቀመጪም ነበር። ማድ ቤቱን የምትካፈልሽ አንዲት ሴት ናት። እሑድ አገሩ በሙሉ ጥይት ነው ሲል፣ እሷ ብቻ ‹ፍሬን ሳይዝ› አለች። ሰሙን ሁላችሁም ሰማችሁት፤ ወርቁን መቅበር ግን አልሆነላትም።»

ሁሉም ዞሮ ጤናዬን አያት።

«እሰይ!» አለች። «ቅኔዬን የሚፈታልኝ ሰው ጠፍቶ ሁለት ቀን ሙሉ ስንገበገብ ነበር! ዓባይ የሚባለውን ልጄን ሮብ ገበያ ላይ ሲሰቅሉት በጣቱ ያሳያቸው ታረቀኝ ነው። እናቱ መሆኔን ሳያውቅ ወጥ ሠሪ አድርጎ አስገባኝ። መርዝ ማብላት መች ይቸግረኝ ነበር? ግን ተኝቶ እንዲሞት አልፈለግኩም። ልጄ ሞቱን ፊት ለፊት እያየ ነው የሞተብኝ። እሱም እያየው ይውረድ አልኩ። አሁን ንገረው በሽር፤ አበረን ይፍታና እኔን ይስቀለኝ!»

«በቃ፣ ጤናዬ» አሉ ግራዝማች። በምርኩዛቸው መሬቱን መቱ። «ከእንግዲህ ለዚህ ሰውዬ አንድም አንገት አንሰጥም። በሽር፣ እንዲህ በለው። ሟቹ አዲሱ ሸራ ደርቆበት፣ እንደ ጠፍር ይለስልስልኝ ብሎ በገዛ እጁ ቅባኑግ ውስጥ ነክሮታል። ገዳዩ ራሱ ነው።»

በሽር አስተረጎመ። ካፒቴኑ ወደ አሰገደች ጠቆመ።

«ሚስቱ አይታለች ወይ ይላል» አለ በሽር።

ሥራነሽ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። አሰገደች ያበጠ ጉንጯን ወደ ካፒቴኑ አዙራ፣ «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» አለች።

በሽር ሲነግረው ካፒቴኑ ሳቁ ገነፈለ። ጭኑን እየመታ አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?» አሉ ግራዝማች።

«እነዚህ አውሬዎች መኪና እንደ በቅሎ ኮርቻ የሚቀቡ ናቸው፤ እኔም ይህንን መጠርጠር ነበረብኝ አለ።»

የአበረ ገመድ ተፈታ። ሥራነሽ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ስቅስቅ አለች። ካፒቴኑ እየሳቀ ወደ ቆመችው መኪናው ሲያመራ ጤናዬ መንገዱ ላይ ቆመች፤ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«በሽር፣ የዚህኛው መኪና ሸራ ሲያልቅ የሚያመጣለት ማነው?»

ካፒቴኑ ምን እንደምትል ጠየቀ።

በሽር፣ «መንገድዎን ያቅናልዎ ብላ እየመረቀችዎ ነው» አለው በጣሊያንኛ። ከዚያ ወደ ጤናዬ ዞሮ በአማርኛ፣ «እኔ ነኝ» አላት።