ሐይቁን የማያሳየው መስኮት

መሐንዲሱ አቶ አምሐ ራሳቸው በነደፉት ፎቅ ሥር፣ ጣና ዳር በተነጠፈው ድንጋይ ላይ ተደፍተው ተገኙ። ያገኟቸው ከኪዳን ሲመለሱ የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ የሻሽወርቅ ናቸው። መንደሩን በምላሳቸው የሚነዱት ሴትዮ ያን ጧት በጩኸት ሰበሰቡት።

ዘመኑ ክፉ ነው። አዋጁ ለአንድ ሰው ከአንድ ቤት በላይ አይፈቅድም። ቀበሌው የፊቱን ፎቅና የጓሮውን ክፍል «ሁለት ቤት ናቸው» ካለ ፎቁ ይወረሳል። አቶ አምሐ በዚያው ቀን ሊመሰክሩ፣ ማልደው መጥተው ቤቱን እየለኩ ነበር።

መርማሪው መቶ አለቃ ክንዱ ብቻውን ሐይቁን ወደሚያየው የፎቁ ሰገነት ወጣ፤ ጥቂት ቆይቶ ወረደ፤ በሩን ቆለፈ።

«ከክፍሌ መስኮት በዓይኔ በብረቱ አየሁ!» አለ የጓሮው ተከራይ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ሣህሉ፣ ሽጉጡን እየደባበሰ። «ሽማግሌው ሁለት ቤት ነው ሊል ነበር። ሴትዮዋ ገፋችው። መነጽሩ ወልቆ ሰገነቱ ላይ ቀረ፤ እሱ ወረደ።»

በዚያ ዘመን ሊቀ መንበር «አየሁ» ካለ ማን «አላየህም» ይላል?

ምድር ቤት የተከራየው መምህር ቢያዝን ግን ለክንዱ በጆሮው፣ «እኔ የሰማሁት ሲወድቁ ድምፁን ብቻ ነው» አለው። «ጓድ ሣህሉ እንደሁ ለፎቁ መጋረጃ ከለካ ሳምንቱ!»

ክንዱ ሁሉንም ሰገነቱ ላይ ሰበሰበ።

«እትዬ፣ የጓድ ሣህሉ ኪራይ ስንት ነበር?»

«አርባ ብር። ኋላ... ሃያ አምስት አደረግሁለት።»

«ስለ ምን?»

ሣህሉ አፈጠጠባቸው። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ጨመደዱ። ዝም ቢሉ ይሞታሉ፤ ቢናገሩም ያው።

«መስኮቱ ግድግዳ እንጂ ሐይቅ አያሳይም ብሎ ነዝንዞኝ!»

«እኔም መስክሬለታለሁ» አለ ቢያዝን።

«አቶ አምሐ ሐይቁን ሁሉ ለፊቱ ሰጥተው ለጓሮው ግድግዳ አተረፉለት» አለ ክንዱ። «ፎቁ መቶ ሃምሳ፣ ጓሮው ሃያ አምስት የሚያወጣው ለዚህ ነው። ከዚያ መስኮት ይህ ሰገነት አይታይም። መነጽሩን ደግሞ ከዚህ የአበባ ሸክላ ሥር አንስቼ ኪሴ ስከተው ያየኝ የለም። እዚህ ወልቆ መቅረቱን የሚያውቅ፣ ሲወድቁ አጠገባቸው የቆመ ሰው ብቻ ነው። ሽማግሌው ‹አንድ ቤት ነው› ቢሉ ፎቁ የሚያመልጠውም እሱው ነው።»

ሣህሉ ወደ ሽጉጡ እጁን ሲልክ ሁለት ፖሊሶች ቀደሙት።

ፎቁ ተረፈ። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ግን አልጋቸውን ወደ ጓሮው ክፍል አዞሩ።

«ሐይቁስ፣ እትዬ?» ሲላቸው ቢያዝን፣

«ግድግዳው ይሻለኛል» አሉ። «ሰው ሲገፋ አያሳይም።»