ቀማሽ የጠፋበት ኬክ ቤት

«በቃ፣ ‹አልጾምም› በያቸው» አለቻት ረውዳ የሰገንን ኮሌታ እያስተካከለች። «አንዲት ቃል ናት። ከዛ ሥራው ያንቺ ነው።»

ሁለቱ ጓደኛሞች ካዛንቺስ፣ እትዬ የሻረግ ኬክ ቤት በር ላይ ቆመዋል። ረውዳ ክረምቱን እዚያ በአስተናጋጅነት እየሠራች ነው። ዘንድሮ ረመዳንና ፍልሰታ ስለተገጣጠሙ ቤቱ ቀማሽ አጥቷል። እሷ ትጾማለች፣ እትዬ የሻረግ ይጾማሉ፣ ኬክ ጋጋሪው ጋሽ አጥናፉም ይጾማል። ባለፈው ሳምንት በስኳር ፈንታ ጨው የገባበት የልደት ኬክ ማንም ሳይቀምሰው ወጥቶ ጉድ ፈላ። ከዚያ ወዲህ እትዬ የሻረግ የማትጾም አስተናጋጅ እያፈላለጉ ነው።

ሰገንም ጿሚ ናት። ግን ሰሞኑን ኡራኤል አካባቢ ሁለት ሱቆች «ገና ልጅ ነሽ» ብለው መልሰዋታል፤ ሦስተኛ እምቢታ የምትችለው አልመሰላትም። እናቷም ጠዋት ሸሚዟን ተኩሳ፣ ጸጉሯን ሁለት ጊዜ አፍርሳ አበጥራ፣ በቀይ ሪቫን አስራ ነው የላከቻት።

እትዬ የሻረግ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋትና ደስ አላቸው።

«ቁጭ በይ የኔ ልጅ። ጸጉርሽ እንዴት ያምራል። ትጾሚያለሽ?»

«አልጾምም» አለች ሰገን።

ቃሉ ሳያስቸግር ወጣ። ያስቸገረው ተከትሎት የመጣው ነው፤ ክሬም የተቀባ ኬክ በሳህን።

«እስቲ ቅመሽና ንገሪኝ።»

ሰገን ሹካውን አነሳች። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ፍልሰታን አንድም ቀን ገድፋ አታውቅም። ረውዳ ከባንኮኒው ጀርባ ሆና በዓይኗ «ብይ እንጂ» ትላታለች። ሰገን ሹካውን መልሳ አስቀመጠችው። ከማፈሯ የተነሳ ጆሮዋ ጋለ።

«እትዬ፣ ዋሽቼዎት ነው። እጾማለሁ።»

«ታዲያ ምን ታደርጊልኛለሽ?» አሉ እትዬ የሻረግ፣ ሳይቆጡ። «የሚጾምማ ሞልቶኛል።»

ሰገን ይቅርታ ጠይቃ ተነሳች። የጓዳው በር ክፍት ነበር። ጋሽ አጥናፉ ሁለት ነጭ ባልዲዎች ፊት ቆሟል። አንዱን ከፈተ፣ አየ፣ ከደነ፤ ደግሞ ሌላውን ከፈተ። ባልዲዎቹ በመጠንም በክዳንም አንድ ናቸው።

«ጋሽ አጥናፉ፣ ጨው የቱ ነው?» አለች በሩ ላይ ቆማ።

«የግራው… ቆይ እስቲ።» ጣቱን ነክሮ ወደ አፉ ሊወስድ ሲል ጾሙ ትዝ አለውና አቆመ። በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። «ማለቴ፣ የቀኙ ነው።»

ሰገን ሪቫኗን ፈትታ የቀኙ ባልዲ እጀታ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረችው። የእናቷ የጠዋት ልፋት ትከሻዋ ላይ ተበተነ።

እትዬ የሻረግ ተከትለዋት መጥተው ኖሮ ከኋላዋ ሳቃቸውን ለቀቁት።

«ሳምንቱን ሙሉ አፍ ስፈልግ ሰነበትኩ» አሉ። «ለካ የጎደለኝ ዓይን ኖሯል። ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ነይ።»

ረውዳ እስከ በሩ ሸኘቻት። እሷም እየሳቀች ነበር።

«ጸጉርሽ ግን አበቃለት። እናትሽን ምን ልትያቸው ነው?»

ሰገን የተበተነውን ጸጉሯን በእጇ ሰብሰብ አደረገችና ትንሽ አሰበች።

«የሆነውን» አለች። «‹አልጾምም› ማለቴንም ጭምር።»