ከቅጥር ውጭ የቆመው ዲያቆን

በ፲፱፻፸፩ ዓ.ም. ጥቅምት ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከሮቢት በስተምሥራቅ እስከ ዞብል ተራራ ግርጌ የተዘረጋው ሜዳ በማሽላ ተሸፍኖ ነበር፤ ግሪሳውም እንደ ደመና እየተነሣ እየወረደ በየማማው ላይ የቆመውን ጠባቂ ሁሉ ጉሮሮ አድርቆት ነበር። ከነዚያ ማማዎች ባንዱ ላይ የሚካኤሉ ቄሰ ገበዝ የካሳው ልጅ አስረሳሽ ቆማለች፤ ዕድሜዋ ዐሥራ አምስት፣ ትምህርቷ እስከ አራተኛ ክፍል፣ ምላሷ ግን እስከ ጎብዬ ድረስ የታወቀ። ወንድሟ ፈንታው ከታሠረ ወዲህ መቀመጥ የሚባል ነገር አልሆነላትም፤ ቆማ ትበላለች፣ ቆማ ትፈትላለች፣ ተኝታም ስትገላበጥ ታድራለች።

በዋጃ መንገድ አንድ ሰው እያነከሰ ሲመጣ አየች፤ ማንነቱን እንደ ለየች ወንጭፏን ሦስት ጊዜ አዙራ ለቀቀችው፤ ጓሉም ከሰውዬው እግር ሥር ፈነዳ።

«ውይ፣ ግሪሳ መስለኸኝ!» ብላ ጮኸች። «ወፍ እንኳ ሲመቱት ዝም ብሎ ይወድቃል፤ ሲመቱህ የምትዘምረው አንተ ነህ!»

ዲያቆን ሐድጉ ቀና አላለም። ባለፈው ግንቦት አብዮት ጠባቂዎች ይዘው ሦስት ቀን ውስጥ እግሩን ሲገርፉት፣ የቆቦው ተማሪ ፈንታው የተከለከሉ ወረቀቶችን በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት እንደ ሸሸገ ተናግሮ ነበር፤ ፈንታውንም በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ፊት አቁመው ራሱን ካስወቀሱት በኋላ ወደ ወልድያ ጫኑት፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። ሐድጉም ሲለቀቅ ዋጃ ወዳለችው እናቱ ሸሸ።

በክረምቱ ደግሞ ሌላው ዲያቆን ለሚሊሺያ ወደ ሰሜን ዘመተ፤ በደብሩም አራት አገልጋዮች ብቻ ቀሩ። ቅዳሴ ያለ አምስት ልዑካን አይቀደስምና መንበሩ ከነሐሴ ጀምሮ ጾሙን ዋለ፤ የኅዳር ሚካኤልም ደረሰ።

ኅዳር ፫ ቀን እሑድ፣ ከኪዳን ጸሎት በኋላ፣ ሕዝቡ በደጀ ሰላሙ ተሰብስቦ ሳለ ሐድጉ ከቅጥሩ ውጭ ግንቡን ተደግፎ ቆሞ ነበር።

«አባ» አሉ ሽማግሌው አቶ አራጌ፣ «ሚካኤል ያለ ቅዳሴ ሊውል ነው። አምስተኛውም ሰው ያው ውጭ ቆሟል። እንግዲህ ምን ይሻላል?»

«ይሁዳ ይግባ ነው የሚሉን?» አለ አንዱ ከኋላ።

ቄሰ ገበዝ ካሳው መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ። «አምስተኛ ስለ ጎደለ አይደለም የጠራሁት። ንስሐውን ፈጽሟል፤ ያናዘዝሁትም እኔ ነኝ። ከዚህ የቀረውን አትጠይቁኝ።»

አስረሳሽ ደሟ ፈላ። ለካ አባቷ በየወሩ «ጨው ልሸምት» እያሉ ዋጃ የሚሄዱት ለዚህ ኖሯል! ከሴቶቹ መካከል ተስፈንጥራ ወጣች።

«እንግዲያው እፊታችን ቆሞ ግለ ሂስ ያድርግ!»

ሕዝቡ መጀመሪያ ሣቀ፤ ኋላ ግን ነገሩ ጣመው። «ልጅቱ እውነት አላት! ግለ ሂስ! ግለ ሂስ!»

ካሳው ጩኸቱ እስኪበርድ ጠበቁና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይህን ቃል ከየት አመጣሽው፣ አስረሱ?» አሏት።

«ከስብሰባው ነዋ።»

«ወንድምሽን ባቆሙበት ዕለት ነበርሽ?»

«ነበርሁ።»

«ምን ይሉት ነበር?»

የጮኹትን ፊቶች ቃኘች። ይህንኑ ይሉት ነበር፤ በዚሁ ዜማ፣ ገሚሱም በእነዚሁ አፎች።

«ይህ ቦታ ስብሰባ አይደለም» አሉ ካሳው። «የግድ ሰው ይቁምልን ካላችሁ ግን እኔ ልቁም። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ይህን ልጅ ሦስት ቀን ገረፉት፤ እኔን ግን ‹አባ፣ ቁልፍ› ብቻ አሉኝ። ጥፊ እንኳ ሳልቀምስ ሰጠኋቸው፤ ወረቀቱ የልጄ መሆኑንም አውቅ ነበር።»

ይህን ብለው በበሩ ወጡና ከሐድጉ ጎን ቆሙ። «የወደቀ ሰው ቦታው ውጭ ከሆነ፣ የእኔም ይኸው ነው።»

«አቦይ፣ ይግቡ! ስለ ሚካኤል ይግቡ!» ብሎ ሐድጉ እግራቸው ላይ ወደቀ፤ እሳቸውም በብብቱ ይዘው አነሡት።

«እሰይ!» አሉ እማማ ጌጤ። «አራት ነበራችሁ፣ ሦስት ቀራችሁ። በሉ እኔና ጎረቤቴ ዚነት እንቀድሳለና፤ እሷም እስላም ናት፣ እኔም ዜማ አላውቅ!»

የሣቀ አልነበረም። የሁሉም ዓይን በግንቦት የዕቃ ቤቱን ፍተሻ ወደ መራው ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ወደ ይሁኔ ዞሮ ነበር።

«አባ፣ ይህ ንግግር ያስጠይቃል» አለ ይሁኔ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

«ትጠይቀኛለህ፣ ልጄ። አንተም ሲከብድህ ና፤ በሕዝብ ፊት አላቆምህም።»

ይሁኔ ነጠላውን አጣፋ። አቶ አራጌም ወደ አስረሳሽ ዞረው «ባለ ደሟ አንቺ ነሽ፤ እኛ ምን አፍ አለን?» አሏት።

አንዴ ወደ መቅደሱ፣ አንዴ ወደ በሩ ተራመደች፤ እግሯ አንድ ቦታ አልረጋ አላት። አባቷ ሽማግሌ መስለው ታዩዋት፤ ቁልፉ በእጃቸው ሳለ የት ነበር ይህ ሁሉ ድፍረት? ልትጮህባቸው ቃጣት። ከዚያ የሐድጉን እግር አየች፤ ያበጠው እግሩ እንዲገባለት የጫማው ፊት በቢላዋ ተቀዶ ነበር።

«አባዬ፣ ይግቡ» አለች።

«ብቻዬን አልገባም።»

«አንተም ግባ፣ ያ ሰውዬ! ይቅር ያልሁህ እንዳይመስልህ ብቻ። አባቴን ፀሐይ እንዳይመታብኝ ነው።»

«አውቃለሁ፣ እኅት ዓለም» አለ ሐድጉ።

ኅዳር ፲፪ ቀን በአምስት ልዑካን ተቀደሰ፤ ሐድጉ እያነከሰ ቆሞ አገለገለ። አስረሳሽ ቅዳሴው እስኪፈጸም አንድ ጊዜም ቀና ብላ አላየችውም።

የፈንታው መርዶ የመጣው በሁለተኛው ዓመት ነበር፤ የሞተበት ቀንም የተቀበረበት ቦታም አልተነገረም። ካሳው ጸሎተ ፍትሐቱን ለመምራት አንደበታቸው እንቢ ሲላቸው፣ አስረሳሽ በአራተኛ ክፍል ጽሕፈቷ የወንድሟን የክርስትና ስም በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈችና በገዛ እጇ ለሐድጉ ሰጠችው። «አጥርተህ ጥራው» አለችው።

ስለዚያ ዘመን ኋላ ብዙ ተጻፈ፤ የታሠረው ተቆጠረ፣ ያሰረው ተወቀሰ፣ ተገርፎ የተናገረም «አጋላጭ» ተብሎ ታለፈ። ቁልፍ የሰጡ አባትና በር ያስከፈተች ልጅ ግን በየትኛውም መዝገብ የሉም፤ የፈንታው ስምም ቢሆን በአንድ ቁራጭ ወረቀት ብቻ ተጽፎ ነበር፤ እርሱንም በመቅደሱ ደጅ፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ ሦስት ጊዜ የጠራው ያው በግርፋት የተናገረው አፍ ነው።