ገመዱ የተነቀለ ጆይስቲክ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ትቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ነቀምት፣ ወንጌላውያን ቤት ነው ያደግኩት፣ ጋኔን አየሁ የሚለኝን ሁሉ "እንቅልፍ አጥተህ ነው" ብዬ የማሰናብት፣ አሁንም ቢሆን አላምንም፣ ግን ያየሁትን አላየሁም ልበል እንዴ?

በደርግ ጊዜ፣ በሰፈራው ዘመን ነው። ከአሶሳ ብዙ በማይርቅ አንድ የሰፈራ ጣቢያ ታይፒስት ሆኜ ስሠራ፣ ኢንጂነር ሰናይት የምትባል ሴት ከአዲስ አበባ ኮምፒውተር ጭና መጣች። እመኑኝ፣ እንደዚያች ሴት የተባረከ እጅ አላየሁም፣ በዚያ አቧራና ሙቀት መሃል ማሽኑን በጄኔሬተር አስነስታ የጣቢያውን ካርታ ቤት በቤት፣ ቢሮአችን ሳይቀር፣ በአረንጓዴ መስመር ስክሪኑ ላይ አወጣችው። የመጣችው የውሃ ጉድጓድ ቦታ ልትመርጥ ነበር። ከወሎ የመጡት ሰፋሪዎች የወንዝ ውሃ እየጠጡ ልጆቻቸው በተቅማጥ ያልቁ ነበር፣ ሁለት ጉድጓድ ተቆፍሮ ደረቅ ሆኗል፣ መቆፈሪያው መኪና ደግሞ የቀረው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ከዚያ ወደ ባምባሲ ይሄዳል።

ካርታው ላይ ቦታ የምታመለክተውን ትንሽ ነጥብ የምታንቀሳቅሰው በጆይስቲክ ነበር፣ ለጨዋታ የተሠራ፣ ቀጥ ያለ እጀታ ያለው ነገር። መጀመሪያ ልኩን ማስያዝ ያስፈልጋል። "መሃል ላይ ልቀቂው፣ ከዚያ እስከ ዳር ድረስ አዙሪው፣ ቁልፉን ተጫኚ" አለችኝ፣ አደረግኩ። እጄን ሳነሳ፣ መሃል መቆም የሚገባት ነጥብ ቀስ እያለች ሄደች ሄደችና ከመንደሩ ዳር ያለው የቀርከሃ ጫካ ጥግ፣ ማንም ያላሰበው ቦታ ላይ ቆመች። "ልኩን ስቷል" ብላ ፈታችው፣ በአልኮል ጠረገችው፣ ገጠመችው፣ እንደገና አስተካከልን፣ ያው ቀርከሃው ጥግ። በሦስተኛው ተናደደችና ነጥቧን መሃል መልሳ ገመዱን ከማሽኑ ነቀለችው።

ነጥቧ ከመሃል ተነስታ ሄደች።

እኔ ወንበሬን ገፍቼ ተነሳሁ። በር ላይ የሰፋሪዎቹ ተወካይ አቶ ይመር ተቀምጠው ነበር፣ የልጅ ልጃቸው ታሞ ስለ ውሃው ሊለምኑን የመጡ። ስነሳ አይተው ገቡና እጀታውን ልክ እንደ ማረሻ እርፍ ጨብጠው ወደታች ተጫኑት።

"ወላሂ ይስባል" አሉ።

"አባባ፣ ገመዱ እኮ ተነቅሏል" አለች ሰናይት።

"እኔ ገመድ አላውቅም እቴ። ከእጄ ሥር ሌላ እጅ አለ፣ ትንሽዬ፣ እርጥብ። ልጆቼ፣ ወደሚስበው ሂዱ።"

ሦስተኛው ጉድጓድ ከደረቀ የምትጠየቀው ሰናይት ናት፣ በዚያ ዘመን መጠየቅ ምን ማለት እንደነበር የኖረበት ያውቃል፣ "ለምን እዚያ?" ቢሏት የምትመልሰው የላትም። እስክሪብቶዋን አንስታ "ቀርከሃው ጥግ" ብላ ጻፈችና ፈረመች፣ እንዴት እንዳደነቅኳት!

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ውሃ ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ እኔ አለቀስኩ፣ አቶ ይመር ጭቃው ሲጠራ በጣሳ ቀድተው ወደ ልጁ ሮጡ፣ ልጁም ተርፏል።

ወደ ቢሮ ተመልሰን ማሽኑን ስንከፍት ገመዱ እንደተነቀለ ነው፣ ነጥቧም እዚያው ቀርከሃው ጥግ ናት። ያቺ ከሽቦ ሌላ በምንም የማታምን ሴት ወደ ጆይስቲኩ ጎንበስ ብላ፣ እኔን እያፈረች፣ "እናመሰግናለን" አለች። ነጥቧ ተነሳች፣ በጣም ቀስ ብላ መንደሩን አቋረጠችና ቢሮአችን ላይ፣ እኛ ተቀምጠን በነበርንበት ክፍል ላይ ቆመች። እጀታውን ነካሁት፣ እርጥብ ነበር። ተያይዘን ወጣን፣ ማሽኑም የጠፋው የጄኔሬተሩ ናፍጣ ሲያልቅ ነው።

ቢሮው ዛሬም አለ፣ ከሥሩ ማን እንደተቀበረ ለማየት ወለሉን የቆፈረ የለም። ጉድጓዱም አልደረቀም፣ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እጠጣለሁ፣ ጣፋጭ ውሃ ነው፣ ግን ጣሳውን ባነሳሁ ቁጥር ያቺ ትንሽ እጅ የማን ልጅ እጅ እንደነበረች ሳላስብ ጠጥቼ አላውቅም።