የታሰረው ቅርንጫፍ

እናቲቱ ወፍ ለሦስተኛ ጊዜ መጥታ የመብራት ሽቦው ላይ አረፈች፤ ወደ ጎጆው ግን አልገባችም። በመንቁሯ አረንጓዴ ትል ይዛለች።

«አሁን ትገባለች፣» አለ ራዲዮ በሹክሹክታ። ክፍል ውስጥ አፉ ስለማይዘጋ ነው ጓደኞቹ ራዲዮ ያሉት።

ሚሊ ዓይኗን ከካሜራው አልነቀለችም። እሷን ደግሞ ሚሊ ያሏት ጂኦሜትሪ ላይ ለአንዲት ሚሊሜትር ስለምትከራከር ነው። ከመንበርከክ ብዛት ጉልበቷ ደንዝዟል። ከአጎቷ የተዋሰችውን ካሜራ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ወዳለው ቁጥቋጦ ደግና ይዛለች።

ጠዋት ቅጠሉ ጎጆውን ስለጋረደው ያነሳችው ሁሉ ጥቁር እየሆነ አስቸግሯት ነበር። ስለዚህ ከላይ ያለውን ቅርንጫፍ ወደ ኋላ ስባ በጫማዋ ማሰሪያ አሰረችው። ብርሃን ገባ። ሦስቱ ጫጩቶች ወለል ብለው ታዩ። እናታቸው ስታጎርሳቸው አንድ ፎቶ ብታገኝ የትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን ላይ እንደሚሰቀልላት እርግጠኛ ናት። ማስረከቢያው እስከ ስድስት ሰዓት ነው። አሁን ከአምስት ተኩል አልፏል።

«ፀሐዩ በረታ፣» አለች።

«ይበርታ። ለፎቶ አሪፍ አይደል እንዴ?»

«ለጫጩቶቹ ነው የምልህ።»

«አታካብጂ ባክሽ።»

በሌንሱ አቅርባ አየች። ቅድም ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ሦስቱም አፋቸውን ይከፍቱ ነበር። አሁን የሚከፍቱት ሁለቱ ናቸው። ትንሿ አንገቷን የጎጆው ጠርዝ ላይ ጥላለች።

ጎጆውን ለሚሊ ያሳዩዋት የትምህርት ቤቱ አትክልተኛ ናቸው። ርዕሰ መምህሩ ቁጥቋጦው ይከርከም ሲሉ፣ እሳቸው ለወፎቹ ብለው ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰበብ ሲፈጥሩ ከርመዋል። «ላንቺ ያሳየሁሽ እጅሽ አያርፍበትም ብዬ ነው፣» ብለዋት ነበር። ጎጆውን መች ነካሁት፣ ስትል ነበር ጠዋት ለራሷ።

ወፏ ሽቦው ላይ ተወዛወዘች። ሚሊ ጣቷን የካሜራው ቁልፍ ላይ አሳርፋ ትንፋሿን ያዘች። ወፏ ወደ ሚሊና ወደ ራዲዮ አየች፤ ትሉን ራሷ ዋጠችውና በረረች።

«በቃ፣» አለች ሚሊ ብድግ ብላ።

«ምኑ ነው በቃ? ሃያ ደቂቃ አለሽ እኮ!»

ማሰሪያውን ፈታችው። ቅርንጫፉ ግን ወደ ቦታው አልተመለሰም። ሥሩ ላይ ተሰንጥቆ ኖሮ ወደ ጎን ተንጠለጠለ። ፀሐዩ ጎጆው ላይ እንዳለ ነው።

ራዲዮ ራሱን አከከ። «ቆይ፣ ቅድም ጫጩቶቹን ብቻቸውን አንስተሻቸው የለ? እሱን አስረክቢያ። ማን ያውቃል?»

እውነቱን ነው። ሦስት የተከፈቱ አፎች፣ ከኋላቸው ብርሃን። እስከ ዛሬ ካነሳቻቸው ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። ሌንሱን ከደነችው።

«ፎቶ የምትቀበለው ቲቸር ከጠየቀችኝስ ምን ልበላት?» አለ ራዲዮ።

«ሚሊ ፎቶ የላትም በላት፣» ብላው ወደ ግቢው በር ሄደች።

አትክልተኛው በሩ አጠገብ አበባ ያጠጣሉ። ሲያዩዋት ፈገግ አሉ። «እህሳ የኔ ልጅ፣ ቀናሽ?»

«ጋሼ . . . ቅርንጫፉን ሰበርኩት። ብርሃን እንዲገባልኝ ብዬ ነው። ጫጩቶቹ ፀሐይ ላይ ናቸው።»

ፈገግታቸው ጠፋ። ውሃውን ዘጉና ወደ ቤተ ሙከራው ጀርባ ገሰገሱ። ሚሊ ሮጣ ደረሰችባቸው።

የስድስት ሰዓቱ ደወል ሲደወል ቅርንጫፉን በሁለት እጇ ወደ ቦታው ደግፋ ይዛ ነበር። አትክልተኛው የሚያቆሙበት እንጨት ፍለጋ ሄደዋል። ጎጆው ከፊቷ አንድ ክንድ አይርቅም፤ ቅጠሉን በአገጯ ገለጥ ብታደርገው ትንሿን ጫጩት ታያታለች።

ቅጠሉን ግን አልገለጠችውም። ፊቷን ወደ ቤተ ሙከራው ግድግዳ አዞረች፤ እንደዚያው ሆና አትክልተኛውን ጠበቀቻቸው።